የሚካኤል ዕለት የተከመረ ገብስ

ማንያዘዋል ጨዋታ የሚወድ፣ ቂም የማያውቅ ሰው ነው። ብቻውን የቀረው ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ታሪኩን ያጫወተኝ መንደሩን ትቶ ዳባት ከወረደና ጎረቤቴ ከሆነ በኋላ ነው። እኔ ስናደድ እሱ ይስቃል።

መሬት በተደለደለ ማግስት ዓመት ነው። ከዳባት በላይ ባለችው መንደራቸው ገብሱ ታጭዶ ነዶው ገና ማሳ ላይ ነበር። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ሰዉ ሁሉ ታቦት ሊያነግሥ ሲወጣ፣ ማንያዘዋል በስሜን በኩል ሰማዩ ሲጠቁር አየ። ሚስቱ ይርገዱ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ማሳ በቀር ምንም አልነበረውም። ጋቢውን ጣል አድርጎ ነዶውን እየተሸከመ ከመረ፣ በሣር ከደነ። ከሰዓት በኋላ በረዶው ወረደ። የሌላው ሁሉ ነዶ ማሳው ላይ ተወቅቶ ጎርፍ ወሰደው።

በረዶውን ማን እንዳመጣው ለመወሰን ጊዜ አልፈጀባቸውም። በዓል የሻረው እሱ ነው ተባለ። ከሁሉ የከረረበት ሰጠኝ የሚባል ጎረቤቱ ነበር። ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው ስለሆነ አልፈርድበትም። ማንያዘዋል ከጽዋ ማኅበሩ ተወገደ፤ እሳት ሊጭር ደጁን የሚረግጥ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያኑንም ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ይሳለም ጀመር።

የነፍስ አባቱ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሊመክሩት መጡ። "ንስሐ ግባና ይለቁሃል። የሰማይ ወፎች አይዘሩም፣ አያጭዱም፤ እሱ ግን ይመግባቸዋል ይላል።"

"ወፎቹማ አባቴ፣ የሚበሉት እኔ የዘራሁትን ነው። ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብለው ያስተማሩኝስ እርስዎ አይደሉ?"

"እሱም ተጽፏል።"

"ታዲያ በየትኛው ልደር?"

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ። ለማንያዘዋል በደልሁ ማለት ቀላል ነበር፤ ግን ያልተሰማውን ጸጸት ለእግዜር መንገር ውሸት መሰለው። ያን በጋ ጎተራው ሙሉ፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ ከረመ። ቆሎ ሲቆረጥም የገዛ ጥርሱ ድምፅ ያስደነግጠው እንደነበር ነግሮኛል።

ሰኔ ሊገባ ሲል ቄሱ ተመልሰው መጡ። "ሰዉ አርሶ ተቀምጧል፤ ዘር የለም።"

"ጎተራው ያውና።"

"ያንተ ነው ካልሁ አይነኩትም። ከቤተ ክርስቲያን ነው ካልሁ ይዘሩታል። ስምህ ግን አይነሣም። ያስችልሃል?"

"ምን ብለው ሊሰጧቸው ነው?"

"እግዜር ሰጠ እላለሁ።"

"ውሸትም አይደል" አለ ማንያዘዋል። መንደሩ ገበያ የወረደ ዕለት ለራሱ ዘርና ቀለብ አስቀርቶ፣ የቀረውን በአህያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመላለሰ።

መስከረም ላይ ገብሱ በየማሳው ማሸት ጀመረ። በመስቀል ዕለት ቄሱ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው፣ ያለ ዘር የቀረውን ሕዝብ እግዜር እንዳልረሳው ሲናገሩ እልልታው ከቅጥሩ ውጭ ተሰማ። ማንያዘዋልም በሩ ሥር ሆኖ አጨበጨበ።

ሰዉ ሲበተን እንደ ወትሮው አቀርቅሮ አለፈው። ሰጠኝ ግን ቆመ።

"ገብሱን አየኸው?"

"አየሁት።"

"ቀኑን ስላከበርን ነው። ሳንደክም ዘሩን ሰጠን። አንተም ልብህን ብትመልስ ይሰጥሃል።" በአነጋገሩ ክፋት አልነበረበትም፤ ያዘነለት ይመስል ነበር።

ማንያዘዋል ሲያጫውተኝ እዚህ ላይ የኔ ትዕግሥት ያልቃል። "ምነው ያኔ እንኳ ብትነግረው?" አልሁት።

"ብነግረው ነቅሎ ይጥለዋል። ልጆቹ ምን ይብሉ?" አለኝ። በዚህ አንድ ነገር አልሳቀም። "ደሞም ከቄሱ በቀር ሰው ካናገረኝ ቆይቶ ነበር። ትንሽ አጠገቤ እንዲቆይልኝ ብዬ፣ 'እውነትህን ነው፤ ሰጥቷችኋል' አልሁት።"