ቤት የነበረው ጨው

እህቴ የገዛችው አዲስ እንስራ ውኃ ሲገባበት የወጣው ሽታ የልጅነቴን የወረታ ገበያ መለሰልኝ።

ሸክላ ሠሪዋ ጥሩነሽ ከገበያው ዳር ብቻዋን ነበር የምትቀመጠው። ቡዳ ናት ስለሚሏት እናቶች በአጠገቧ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። በዚያ ሰሞን ይህችው እህቴ፣ ያኔ ሕፃን፣ ታማ ስትድን ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ «የጥሩነሽ ዓይን ነው፤ ከአገር ትውጣልን» ማለት ጀምራ ነበር።

በገበያው ቀን እናቴ በቀጥታ ወደ ጥሩነሽ ሄደች። ሕፃኗን ከአንቀልባ አውርዳ ፊቷን ገለጠችና «እስቲ ያዥልኝ፣ ጨው ገዝቼ ልምጣ» አለቻት።

ጥሩነሽ ጭቃ የነካው እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ግን አልዘረጋችውም። «ሰው ያያል፣ እሜቴ።»

«እንዲያይ ነው የመጣሁት» ብላ እናቴ ሕፃኗን አስታቀፈቻት።

እናቴን እየተከተልኩ «እማ፣ ጨው እኮ ቤት አለ» አልኳት።

«ዝም በይ» ብላ ገበያውን በቀስታ ዞረችው። ስንመለስ ሕፃኗ ጥሩነሽ ጭን ላይ ተኝታለች። እትዬ አለሚቱ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ዝንብ ትከላከልላታለች።

እህቴ ዛሬ አያት ናት። እንስራውን ከማን እንደገዛች ጠየቅኳት።

«ከጥሩነሽ የልጅ ልጅ» አለችኝ። «የኔን የልጅ ልጅ አሳቅፌያት ጨው ልገዛ ሄድኩ።»

ማድ ቤቷን አየሁት። የጨው ዕቃዋ እስከ አፉ ሙሉ ነው።