በአቃቂ ጭቃ ላይ፣ በስምንት ሴቶች ትከሻ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30

ፒያሳ ገና አልነቃችም። ሐምሌ ነውና ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አሁን ካፊያ ላይ ደርሷል። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው ያደርኩት፤ እንደ ሕፃን ጓጉቻለሁ። ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ ዓምድ ስል ሐረርም ጎንደርም ሄጃለሁ። ዛሬ የምሄደው ግን አቃቂ ቃሊቲ ነው። ባለቤቴ "አቃቂ ደግሞ ጉዞ ይባላል? በታክሲ የሚደረስበት!" ብላ ስቃብኛለች። ምሳ ግን አልነፈገችኝም፤ ድርቆሽ ፍርፍር በላስቲክ ቋጥራ ሰጥታኛለች።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። አንዲት የማውቃት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ "ሴቶች ቃሬዛ ተሸክመው አይተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። አላየሁም። እኔ ባደግሁበት አገር ቃሬዛ የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ከኋላ ተከትላ ታለቅሳለች። "እንግዲያው ቅዳሜ ሂድና እይ" ብላ የመንደሩን አቅጣጫ ነገረችኝ።

ጠዋት 1፡15

ከለገሃር ሚኒባስ ያዝኩ። ሳሪስን አልፈን ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ የተሳቢ መኪናና የጭስ ሆነ። ወያላው በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ "አቃቂ! አቃቂ በሰቃ!" ይላል፤ መኪናው ሞልቶ እኔ በአንድ ቂጤ ተቀምጫለሁ። አቃቂ በሰቃ ወርጄ አንድ የስልጤ ሰው ሻይ ቤት ገባሁና ሻይ በቦምቦሊኖ ቀመስኩ። ቦምቦሊኖው ትኩስ ነበርና ሁለተኛ ደገምኩ።

ከሻይ ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያለው ጉራጌ ጫማዬን አየና "ወዴት ነህ?" አለኝ። ወደ ገጠሩ ነኝ አልኩት።

"በዚህ ቆዳ ጫማ? ቦቲ ውሰድ፣ በቅናሽ እሰጥሃለሁ።"

"ይበቃኛል፣ የጣሊያን ነው።"

"ጭቃው ደግሞ የአቃቂ ነው" ብሎ ሳቀ። የሰውን ምክር ብሰማ ኖሮ ብዙ ነገር ባልደረሰብኝ ነበር።

2፡30

ጋሼ ቱፋ የሚባሉ ጋሪ ነጂ በአምስት ብር ወሰዱኝ። በስተግራ የፋብሪካ አጥር፣ በስተቀኝ ገና የሚሠራ ኮንዶሚኒየም፤ ከዚያ ድንገት ከተማው እንደ ገመድ ተቆርጦ ሜዳው ተዘረጋ። ጥቁር መሬት! ገበሬው ኮትቻ የሚለው፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ ሰው የሚውጥ አፈር። ኮረኮንቹ መንገድ ጫፍ ላይ ጋሼ ቱፋ ልጓሙን ሳቡ።

"ደረስን?"

"እኔ ደርሻለሁ፤ አንተ ገና ነህ። ከዚህ ወዲያ በክረምት ጋሪ አይገባም። አምቡላንስም እዚሁ ነው የሚቆመው።"

መንደሩ ከጅረቱ ማዶ ይታያል። ቅርብ ይመስላል፤ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። እያንዳንዱ እርምጃዬ ሁለት ሁለት ኪሎ ጭቃ ያነሳ ነበር።

3፡30

የቡድኑ መሪ እትዬ ሸዋዬ ይባላሉ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። በራቸው መቃን ላይ በከሰል የተሰመሩ ስምንት መስመሮች አየሁ።

"የልጆችዎ ቁመት ነው?"

"የልጆቼ አይደለም፣ የእኔና የጓደኞቼ ነው።"

ቃሬዛ የሚያነሱ ሰዎች ቁመታቸው ካልተመጣጠነ የተኛችው ትንሸራተታለች። ስለዚህ እትዬ ሸዋዬ ሴቶቹን አንድ በአንድ መቃኑ ላይ አስደግፈው ለክተው፣ እኩያን ከእኩያ አጣመሩ። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ይከተላሉ፤ ሲደክሙ ይቀያየራሉ።

"ቀበሌ አንድ ለአምስት ተደራጁ አለን። ቃሬዛ ግን በአምስት አይሄድም፤ ስምንት ሆንን" አሉኝ።

"ወንዶቹስ?"

"ባሎቻችን ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ፤ ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ ግንባታ። ምጥ ፈረቃ አይጠብቅም።"

ቃሬዛው ከሁለት የባሕር ዛፍ አጣናና ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ነው። ማን አስጀመራችሁ ብዬ ስጠይቅ እትዬ ሸዋዬ ጆንያውን በእጃቸው ያስተካክሉ ጀመር። "አምና በዚህ ወር ልጄን ምጥ ያዛት። በጋሪ ጫንናት። ጋሪው ጅረቱ ጋ ሰመጠ። ሰው ፍለጋ ስንሮጥ ሕፃኑ እዚያው ተወለደ፤ እዚያው ሞተ። ከቀበርነው በኋላ ይህን ሰፋሁ።"

ከጥንዶቹ ግን አንደኛው ግራ አጋባኝ። ጥሩነሽና ጫልቱ የአጥር ጎረቤታሞች፣ በቁመትም ቁርጥ አንድ ናቸው፤ ቃሬዛውን ከፊት የሚይዙት እነሱ ናቸው። ነገር ግን የጫልቱ ላም የጥሩነሽን ሽምብራ ከበላች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ሰላምታ እንኳ የለም። እትዬ ሸዋዬን "አጥተው ነው እነዚህን ያጣመሩት?" ብላቸው "ኩርፊያ በከሰል አይለካ፣ ምን ላድርግ!" አሉኝ።

4፡10

ቅዳሜ የልምምድ ቀን ነው። የሚጫን ሰው ያስፈልጋል። ስምንቱም ዞረው አዩኝ።

"ኪሎህ ስንት ነው?" አለች ጥሩነሽ።

"ሰማንያ ሁለት።"

"ከነቦርጩ የዘጠኝ ወር ያህላል" ስትል መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ተኛሁ። አንስተው ሲያወጡኝ፣ ውድ አንባቢያን፣ በሕይወቴ እንዲህ ተመችቶኝ ተጉዤ አላውቅም! ጭቃው ከሥር ጧ ጧ ይላል፣ እኔ ደመናውን እቆጥራለሁ። ከደስታዬ ብዛት ልርዳቸው ብዬ እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ "ግራ! ቀኝ! ግራ! ቀኝ!" ማለት ጀመርኩ። እነሱም ሳያስቡት ከአፌ ጋር እኩል መራመድ ያዙ፤ ቃሬዛው እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዝ ጀመር።

"ዝም በል!" አሉ እትዬ ሸዋዬ። "እኩል ከረገጡ ይወዛወዛል። እያንዳንዷ በየራሷ ነው የምትረግጠው። ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት አታዝም!"

አፌን ዘጋሁ። በዚሁ ቅጽበት ከመንደሩ አንዲት አሮጊት እየጮኹ ሲሮጡ መጡ። የሎሚ አማት ናቸው። ሎሚ ሃያ ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ቀኗ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር፤ ባሏ ፋብሪካ ገብቷል።

"እንሽርቷ ፈሰሰ! ድረሱ!"

"አውርዱት!" አሉ እትዬ ሸዋዬ። ማውረድ አሉት እንጂ ጣሉኝ ነው የሚባለው። ጭቃ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስነሳ አንዱ የጣሊያን ጫማዬ ከመሬት በታች ቀርቷል። የሚፈልግልኝም፣ የሚያዝንልኝም አልነበረም። እኔ ራሴም ትቼው በአንድ ካልሲ ሮጥኩ።

4፡40

ሎሚ ቃሬዛው ላይ ናት። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ምጡ ሲመጣ አጣናውን በሁለት እጇ ትጨብጣለች። እትዬ ሸዋዬ በሞባይል አምቡላንስ ጠርተዋል። ለእኔም ሥራ ተገኘልኝ፤ "አንተ ጃንጥላ ያዝላት" ተባልኩ። ዝናቡ እንደገና ይወርዳል። ማንም አያወራም፤ እትዬ ሸዋዬ ብቻ በየመቶ እርምጃው "ትከሻ ቀይሩ!" ይላሉ።

ጅረቱ ጋ ስንደርስ ጠዋት ቁርጭምጭሚቴን ያረጠበው ውሃ ጉልበት አልፏል። ደፍርሷል፣ ይጮኻል። እትዬ ሸዋዬ ዳር ላይ ቆሙ። አምና ጋሪው የሰመጠበት ቦታ መሆኑን አስታወስኩ። እሳቸው ግን ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በዱላ ጥልቀቱን እየለኩ ቀድመው ገቡ። ከማዶ ሆነው "ኑ! በዚህ በኩል!" አሉ።

ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ላይ ተነሳ። መሃል ላይ ሲደርሱ ጥሩነሽን አዳለጣት። የፊተኛው ጎን ዘመም አለ፤ ሎሚ ጮኸች፤ እኔም ጃንጥላውን ወርውሬ እጄን ዘረጋሁ፣ አልደረስኩም። ጫልቱ ግን በአንድ እጇ አጣናውን እንደያዘች፣ በሌላው የጥሩነሽን መቀነት ጨመደደች።

"ይዤሻለሁ!"

"አትልቀቂኝ!"

"አልለቅም አልኩሽ! እግርሽን ድንጋዩ ላይ አድርጊ!"

ቃሬዛው ቀጥ አለ። ከዚያ ሎሚ ከላይ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ "ታረቃችሁ እንዴ?" አለች።

"ዝም ብለሽ ተኚ!" አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። እዚያ ውሃ መሃል፣ ያ ሁሉ ጭንቀት እያለ፣ ሳቅን።

5፡25

አምቡላንሱ ኮረኮንቹ ጫፍ ላይ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ሎሚ፣ አማቷና እትዬ ሸዋዬ ገቡ። ሰባቱ ሴቶች ወደ ቤታቸው የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። አምቡላንሱን ተከትለው ጤና ጣቢያ ሊሄዱ፣ ጋሼ ቱፋን አስቁመው እኔን ጨምረው ተጫኑ እንጂ! ጋሼ ቱፋ ፈረሳቸውን በኦሮምኛ እያባበሉ "ዛሬ ብር አልቀበልም፤ ብቻ እያረፋችሁ ተንፍሱ፣ ጋሪው ይሰበራል" አሉ።

ከቀኑ 9፡20

የጤና ጣቢያው ጥበቃ "ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው" አለን። "ሁላችንም ቤተሰብ ነን" አለች ጫልቱ፤ እስከ ወገቧ ጭቃ ናት። አስገባን። የባለቤቴን ፍርፍር ለስምንት ተካፍለን በላን። ሰዓቱ አልሄድ አለ። እትዬ ሸዋዬ አልበሉም፣ አልተቀመጡም፤ በሩ ላይ ጆሯቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ሎሚ ስትጮህ ይረጋጋሉ፤ ዝም ስትል ፊታቸው ይቀየራል። "አምና ሕፃኑ አላለቀሰም" አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚያ የሎሚ ጩኸት ለረጅም ጊዜ ጠፋ።

ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። ቀጭን፣ የተቆጣች፣ ጉልበተኛ ለቅሶ። አዋላጅ ነርሷ ብቅ ብላ "ሴት ናት፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው" ስትል እትዬ ሸዋዬ ግድግዳውን ተደግፈው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አነቡ። እኔም አልቅሻለሁ፤ አልደብቃችሁም።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። በእነሱ መንደር ደንብ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስት ብለው ዝም አሉ። እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሱ።

"ምነው አቆማችሁ?"

"ሴት እኮ ናት እትዬ፣ ሦስት ነው" አለች ጥሩነሽ።

"ተሸክመን ያመጣናት እኛ፣ የምንቆጥረውም እኛ!" አሉና ተነስተው አራተኛውን ራሳቸው ጀመሩት። አምስተኛውን ጫልቱ ተቀበለች፣ ስድስተኛውን ጥሩነሽ። ሰባት ላይ የቆመ የለም። እኔ እስከ አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት፤ ያን ጊዜ ጥበቃውም ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር።