በብስክሌት የሄድኩበት ሽምግልና

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የጤፉ ማሳ መብሰል በጀመረበት በጥቅምት መጨረሻ ነው። ብዙ ነገር እየረሳሁ ይህን ያልረሳሁት፣ ብርድ በሆነ ቁጥር የግራ ባቴ ስለሚያስታውሰኝ ነው። ደግሞም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት የተንበረከክሁት በዚያ ቀን ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ሰው ሁሉ መኪና ለመግዛት ሲሯሯጥ፣ እኔ አሮጌ መኪናዬን ሸጬ ብስክሌት ገዛሁ። ሰፈሩ «ከሰረ» ብሎ አዘነልኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብዙ ሰው የማይስማማበት ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የታላቅ እህቴ ልጅ ሀብታሙ፣ ትርንጎ የምትባል የቁይ ልጅ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አባቷ አቶ ዓለሙ ናቸው። በፊት የላክንላቸው ሽማግሌዎች በኮንትራት መኪና ሄደው ነበር። ገና ነገሩን ጀምረው ሳይጨርሱ፣ ሹፌሩ ውጭ ሆኖ ጥሩምባውን ያንባርቀዋል። አቶ ዓለሙ «የቸኮለ ይሂድ፤ ልጄ የምትጫን ጆንያ አይደለችም» ብለው ሸኟቸው። ብዙ ከተለመኑ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ለመስማት ፈቀዱ። አሁን እምቢ ካሉ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ሀብታሙ እህል መብላት ትቶ ከሲታ ሆኗል።

ለሁለተኛው ጉዞ የተመረጥነው የቤተሰቡ የነፍስ አባት መምሬ ጥሩነህ፣ ጡረተኛው መምህር አቶ በላይና እኔ ነን። እነሱ በሚኒባስ ሊሄዱ ተስማሙ። እኔ በብስክሌት እመጣለሁ አልኩ።

እህቴ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ልትድርልኝ ነው ወይስ ልትወዳደር?»

«እትዬ፣ በሰዓቱ ከደረስኩ ምን ቸገረሽ?»

«ሞተህ ሠርጌን ለቅሶ ብታደርግብኝስ!»

በዝግታ መጓዝ ለሰው ክብር መስጠት እንደሆነ ረዥም ንግግር አደረግሁላት። እውነቱ ግን «ቁይ ድረስ በብስክሌት ሄጃለሁ» ለማለት ሰበብ ስፈልግ ቆይቼ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ጣቶቼን ፍሬኑ ላይ አደረቃቸው። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ በአገሩ ከእኔ የሚበልጥ ጎበዝ የለም አልኩ። ዳገቱ ሲጀምር ሐሳቤን ቀየርኩ።

ዳገቱ አለቀ ስል ሌላ ይጀምራል። ነፋሱም ወደ የትም ብዞር ከፊት ለፊቴ ነው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራ እበላለሁ። ስለ ዓለም ታላላቅ የብስክሌት ውድድሮች ብዙ አንብቤያለሁ። ሁሉንም ያነበብኩት ወንበር ላይ ተቀምጬ መሆኑ ትዝ ያለኝ እዚያ ነው። በመጨረሻ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። አህያ እየነዳች ገበያ የምትሄድ ሴት ደረሰችብኝና አየት አደረገችኝ።

«አያ፣ እሱ ነው አንተን የሚሸከመው ወይስ አንተ ነህ እሱን?»

«እየተጋገዝን ነው» አልኳት።

«ተው እንግዲህ፣ ደክሞታል መሰለኝ» ብላ አልፋኝ ሄደች። አህያዋም አለፈችኝ።

ቁይ መግቢያ ላይ ስደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ይጠብቁኛል።

«መጣህ?» አሉ መምሬ። «እኛ እኮ ፍታት ልንጀምር ነበር።»

ፊቴን ታጠብኩ፤ ሸሚዝ ቀይሬ ጋቢ ለበስኩ። ከወገብ በላይ ሽማግሌ መሰልኩ። ከወገብ በታች ያለው ግን የእኔ አይመስለኝም ነበር። ብስክሌቴን ጎረቤት አስቀምጠን አቶ ዓለሙ ቤት ገባን።

መደቡ ላይ ነጭ የበግ አጎዛ ተነጥፏል። እንደዚያ ቀን አጎዛ አምሮኝ አያውቅም።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ዓለሙ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ።

ልማዱ ነው። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም። ይህን ስንዘጋጅ ረስቼው ነበር ብል ማን ያምነኛል? ግን ረስቼው ነበር።

መምሬ ነገሩን ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ገና ከገነት ሳይወጡ የግራ ባቴ መዝለል ጀመረ። አብርሃም ለልጁ ሚስት እንዲፈልግ ሎሌውን ሲልክ፣ ባቴ እንደ ድንጋይ ደረቀ።

«እስቲ አረፍ በሉና እንስማችሁ» አሉ አቶ ዓለሙ እንደገና።

አጎዛውን አየሁት። አቶ በላይ ግን «አይሆንም፤ አንቀመጥም!» አሉ፤ በእኔም ስም ጭምር።

ሎሌው ግመሎቹን ይዞ የውኃው ጉድጓድ ጋ ሲደርስ፣ እኔ በሁለት ጉልበቴ መሬት ላይ ወደቅሁ።

በዚያ አገር ሸበቶ ሰው በሰው ፊት ሲንበረከክ ቀላል ነገር አይደለም። የትርንጎ እናት «ውይ በሞቴ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። አቶ ዓለሙ ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሡ።

«ኧረ በማርያም! ተነሥ! ምን በደልኩህና ነው?»

እግሬ ነው ልል አፌን ስከፍት፣ መምሬ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «እንዳትነሣ!» አሉኝ። ማስጠንቀቂያው አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ቀና ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እሺ ካላሉት አይነሣም!»

«እሺ! ኧረ እሺ ብያለሁ! አንሡልኝ ይህን ሰው!»

አቶ በላይ በአንድ በኩል፣ አቶ ዓለሙ በሌላ በኩል ብድግ አደረጉኝ። ጮህኩና ተመልሼ ተንበረከክሁ።

አቶ ዓለሙ ግራ ገባቸው። «እሺ አልኩህ እኮ! ሌላ ምን ቀረህ?»

«እግሬ ነው አቶ ዓለሙ» አልኩ። «ልለምንዎት ብዬ አይደለም የተንበረከክሁት። ከማርቆስ በብስክሌት ነው የመጣሁት፤ ባቴ ተሳስሮ ነው።»

መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ በላይ ወደ በሩ አዩ። ሀብታሙ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ ትዳሩን በገዛ ምላሴ አፈረስኩበት አልኩ። ግን ሰውየው የሌለ ልመና አይተው የሰጡትን ቃል ዝም ብዬ መቀበል አልሆነልኝም።

«በብስክሌት?» አሉ አቶ ዓለሙ ቀስ ብለው። «ያንን ሁሉ ዳገት?»

«አዎ።»

«ማን አስገድዶህ?»

«ማንም።»

አቶ ዓለሙ መሬት ላይ ተቀመጡና ጫማዬን አውልቀው እግሬን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ባለቤታቸውን ቅቤ አስመጥተው ባቴን ያሹኝ ጀመር። እጃቸው እንደ ሞረድ ነው።

«በሬም እንዲህ ይይዘዋል» አሉ። «በሬ ግን ወዶ አያመጣውም።»

የትርንጎ እናት መጀመሪያ ሳቁ፤ ከጓዳም ሌላ ሳቅ ተሰማ፤ የሙሽራዋ መሆኑን በኋላ አወቅሁ። መምሬ ግን አሁንም እንደቆሙ ናቸው፤ መቀመጥ ይፈቀድ አይፈቀድ አልገባቸውም።

«ይቀመጡ እንጂ መምሬ» አሉ አቶ ዓለሙ እግሬን ሳይለቁ። «እሺ ብያለሁ። ያልኩትን አልመልስም።»

የተመለስኩት በሚኒባስ ነው፤ ብስክሌቴ ጣራ ላይ ታስሮ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ ማርቆስ ድረስ ሲስቁብኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ጭፈራው ሲደራ አቶ ዓለሙ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና፣ ሳብሰለስለው የከረምኩትን ጠየቅኋቸው።

«ያን ቀን ባልወድቅ ኖሮ እሺ ይሉ ነበር?»

«እሺ ለማለት የወሰንኩት እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ነው» አሉኝ። «ልጅቱ ወዳዋለች፤ ልጁም ጨዋ ነው። ምን ቀረ?»

«ታዲያ ለምን ያን ያህል አቆሙን?»

ገርሟቸው አዩኝ። «ልጄ እኮ ናት! ትንሽ ብትቆሙላት ምን ይላችኋል?»

ዛሬ ሀብታሙና ትርንጎ ልጅ ወልደዋል፤ ደህና ይኖራሉ። እኔም ብስክሌቴን አልተውኩም፤ እስከ አማኑኤል እየሄድኩ እመለሳለሁ፤ ያ ይበቃኛል። ስለዚያ ቀን ሳስብ አላፍርም። እንዲያውም ደስ ይለኛል።

የእኔም ልጅ ለትዳር ደርሳለች። በቅርቡ ሽማግሌ እንደሚመጣ እናቷ ሹክ ብላኛለች። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም፤ መልሴም እሺ ነው። ቢሆንም ሰዎቹ ሲገቡ ተቀመጡ እላቸዋለሁ። አንቀመጥም ይሉኛል። እኔም አልቸኩልም፤ ልጄ እኮ ናት።