በጥርስ ሳሙና የተለካው ግድግዳ

የኔ ጥፋት ረጅም መሆኔ ነው።

ጂዳ፣ ሂንዳዊያ ውስጥ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ባዶ ቦታ ላይ ተሰብስበን ነበር። ወረቀት አጥተው የታሰሩ ወንድሞቻችን አገራቸው እንዲገቡ ቆንስላችን ይስማን ብለን ነው። ልጆቹ ይህንኑ ነጭ አንሶላ ላይ ጻፉና፣ "አባባ፣ አንቱ ቁመት አለዎት፣ አንዱን ጫፍ ይያዙልን" አሉኝ። ያዝኩ። ፖሊስ ሲመጣ ሁሉም ሮጠ። የኔ ጉልበት ሩጫ አያውቅም። ደግሞም አንሶላው አዲስ ነበር፤ አፈር ላይ ጥዬው መሄድ አላስቻለኝም። አጣጥፌ ብብቴ ስር ይዤ ቆምኩ። መኪና ላይ የጫኑኝ ከነአንሶላው ነው።

መርማሪው አንሶላውን ዘርግቶ አየውና፣ "ይህ ሲያሳ ነው" አለ። ፖለቲካ ማለቱ ነው። እኔ ጫፉን ብቻ ነው የያዝኩት ብለው፣ "ጫፍ ባይኖረው አይነበብም ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው።

ወደ ክፍሉ ሲያስገቡኝ አርባ ምናምን ሰው ፍራሽ ላይ ተደርድሯል። አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ በሩን ዞሮ ያያል ይባላል። እኔ ያየሁት ጥጉን ነው። የለመደ ዓይን መቼም ቦታውን አይለቅም። ከመስኮቱ ማዕዘን የጀመረ ስንጥቅ እንደ ደረጃ እየተሰበረ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ፓምፕ አለ፤ ዱግ ዱግ ዱግ ይላል፣ ማቋረጥ አያውቅም።

"ቁጭ ይበሉ እንጂ ሸህ፣ ግድግዳ አይተው አያውቁም?" አለኝ አንድ ቀይ ሰው። የከሚሴ ልጅ ነው፤ በግ ተራ በግ ሲያወርድ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ተጠይቆ የተያዘ። ለምን እንደታሰርኩ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ያ ጀመዓ! እኛ ሁላችን በኢቃማ ገባን፣ እሳቸው በአንሶላ!" ብሎ ለክፍሉ አወጀ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባይተዋርነቴ ለቀቀኝ።

ስራዬን ልንገራችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ከመሬት ቆፋሪዎች ጋር ነው የኖርኩት። ትልቅ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት መሬቱ ይጠየቃል። መሰርሰሪያው ወርዶ የነካውን ሁሉ ይዞ ይወጣል፤ እኛ ደግሞ የወጣውን በየተራው የእንጨት ሳጥን ውስጥ እንደረድራለን። መካ ላይ ድንጋይ ነው፣ ጥርስ ይሰብራል። ጂዳ ላይ አሸዋና የባሕር ድንጋይ፣ ትንሽ ወረድ ሲሉ ደግሞ ጨዋማ ውሃ። መሠረት ሊቆፈር ሲል ውሃው በፓምፕ ይሳባል። ውሃው ሲሳብ አፈሩ ይተኛል። አፈሩ ሲተኛ ጎረቤት ያለው ቤት ይሰማዋል።

እዚህ ላይ ነበር የኔ ቦታ። ጂዳ አንድ ሰፈር ውስጥ፣ ከቁፋሮው አጠገብ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ስንጥቅ እጠብቅ ነበር። ስንጥቁ ላይ በአግድም ስስ ጀሶ እንለጥፋለን። ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው የፀጉር ታህል ከሄደ እሱ ይሰነጠቃል። በየማለዳው እዞራለሁ፣ አያለሁ፣ አለቃዬ ለነበረው ግብጻዊ እነግረዋለሁ። እሱ ቀኑን ይጽፋል፣ "ያነበበው" በሚለው ቦታ ደግሞ ስሙን ይፈርማል። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ነገሩ አልቆረቆረኝም። ደመወዜ አልተጓደለም፣ የየቤቱ እናቶች ሻይ ያጠጡኝ ነበር።

እንግዲህ የእስር ቤቱን ስንጥቅ ሳይ እጄን በላኝ። በሁለተኛው ቀን የጥርስ ሳሙና ለመንኩ።

"ጥርስ ሳይኖርዎት ሳሙናው ምን ያደርግልዎታል?" አለ ከሚሴው።

"ያንተን ጥርስ ላተርፍልህ ነው" አልኩት።

ስንጥቁ ላይ በጣቴ ቀባሁት፣ ደረቀ። ስንጥቁ ስር የተኛው አንድ ባለ ጎፈሬ የራያ ሰው ነበር። ያ ቦታ የክፍሉ ንጉሥ ቦታ ነው፤ የማቀዝቀዣው ንፋስ ይደርሰዋል፣ ከመጸዳጃ ቤቱም ሩቅ ነው። "ወንድሜ፣ ለጥቂት ቀን ከዚህ ራቅ በል" ብለው፣ "አባባ፣ ለዚህ ቦታ አራት ወር ወረፋ ጠብቄያለሁ። ግድግዳው ከፈለገ እሱ ይራቅ!" አለኝ።

በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ ሳይ ሳሙናው ለሁለት ተከፍሏል። ደነገጥኩ። "ግድግዳው እየሄደ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ያ ሁሉ ሰው ተነስቶ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ተጠጋጋ፣ በሩ ተደበደበ። ዘበኛውና የእስር ቤቱ ሹም መጡ። ሹሙ በያዘው ዱላ ግድግዳውን ሁለቴ መታ መታ ሲያደርግ ልስኑ ከነሳሙናዬ እንደ ቂጣ ተላጦ ወደቀ። ሳሙናው ከነበረበት ኋላ ያለው ብሎኬት ደህና ነው። ሹሙ እኔን አየኝ። "ሙሀንዲስ!" አለ፣ እየሳቀ ወጣ።

ያፈርኩት ማፈር! ግብጻዊው ሁልጊዜ፣ "መጀመሪያ ልስኑን ፋቅ፣ ብሎኬቱን አግኝ፤ ልስን ውሸታም ነው" ይለኝ ነበር። ችኩል ሆኜ ዘለልኩት። የለቀቀ ልስን ነው የለካሁት። ያን ቀን ክፍሉ ሙሉ ሲስቅ ዋለ። የራያው ፍራሹን ወደ ቦታው ሲመልስ፣ "ሙሀንዲስ፣ ትራሴንም ይለኩልኛል?" ይላል። እኔም ሳቅሁ። ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ የተሳቀበት ቀን አልነበረም፤ ስለዚህ ስህተቴንም ብዙ አልጠላኋትም።

ሳቁ በረድ ሲል ግን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልስኑ ወድቆ በተጋለጠበት ከታች በኩል፣ ወደ ጥጉ፣ ብሎኬቱ ራሱ ተከፍሏል። እዚያ ልስን የለም፣ ውሸት የለም። አሁን አልጮህኩም። ባዶው ብሎኬት ላይ ሦስት ቦታ ሳሙና ለጠፍኩ። ሲደርቅ በማንኪያ እጀታ በየጎናቸው ቁጥር ጫርኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያም ቀኑን። ከቀኑ ቀጥሎ ምን ልጻፍ? እጄ ላይ ቁጥር ያለው ፕላስቲክ አስረውልኛል፤ የሚጠሩኝ በሱ ነው። ቁጥሩን ልጽፍ አሰብኩና ተውኩት። ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ ስም ለመጻፍ ግን ይበቃል። ስሜን ጻፍኩ።

ዘበኛው አርባውን ያለፈ፣ ቦርጫም፣ ዓይኑ እንቅልፍ የማይጠግብ ሰው ነው። የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በበሩ ፍርግርግ አየኝ።

"ያ ሐጅ፣ ደግሞ ጀመርክ?"

"የመጀመሪያው ስህተት ነበር ልጄ። ይህኛው ልክ ነው።"

እንዴት እንደሚሠራ ነገርኩት። ሊሄድ ዞረ፣ ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በኒ ማሊክ ያለው የእናቴ ክፍል ተሰንጥቋል" አለኝ። "ወንድሜ ይፍረስ ይላል። እህቴ የሰው ዓይን ነው ትላለች። እናቴ ከቤቴ አልወጣም ብላ ታለቅሳለች። በጥርስ ሳሙና ይታወቃል?"

"አንተ ነፃ ሰው አይደለህ? ጀሶ ግዛ እንጂ!" አልኩት። ከሚሴው ከኋላዬ በሳቅ ፈነዳ። ዘበኛውም ሳቀ።

"ልስኑን ፋቅ፣" አልኩት። "ስስ አድርገህ ለጥፍ። ቀኑንና ስምህን ጻፍ። ሰባት ቀን በየማለዳው እይ። እስከዚያ ማንም አያፍርስ፣ እናትህም ሌላ ክፍል ይተኙ።"

ቀኖቹ ሄዱ። በአምስተኛው ማለዳ ቁጥር ሦስት ሳሙና ፀጉር የምታህል መስመር አወጣች። በስድስተኛው ቁጥር ሁለት ተከተለች። ልጮህ ነበር፣ አፌን ግን ያዝኩ። ቀስ ብዬ ለዘበኛው ነገርኩት።

"ሹሙ ስለ ግድግዳ ከእንግዲህ አይሰማኝም" አለ። "ባለፈው የጠራሁት እኔ ነኝ፣ በኔም ስቋል።"

ለከሚሴውና ለራያው ብቻ አሳየኋቸው። ራያው ብዙ ቆሞ አየ። ከዚያ ፍራሹን ጠቅልሎ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ዘረጋ። አራት ወር የጠበቀውን ቦታ! ጎረቤቶቹም እሱን አይተው በየተራ ሸሹ። በግማሽ ክፍል ውስጥ አርባ ሰው እግር በእግር ተቆላልፎ ዋለ። አንዱም እኔን አልወቀሰም።

በሰባተኛው ቀን ዘበኛው ረፋድ ላይ መጣ። ፊቱ በርቷል፣ እጁ ላይ ፌስታል አለ።

"አልተሰበረም! ያ ሐጅ፣ አንዲት ፀጉር እንኳ የለበትም! ስንጥቁ የድሮ ነው፣ የሞተ ነው። ወንድሜ ዝም አለ። እናቴ ይህን ለመከረህ ሰው ስጠው ብላለች።"

ተምር የተሞላ ብስኩት ነበር፣ ገና ሞቅ ያለ። ለአርባ ሰው ተቆራርሶ ለየአንዳንዱ ጥፍር ታህል ደረሰ። ከሚሴው ድርሻውን ምላሱ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ፤ "አታናግሩኝ፣ በኒ ማሊክ ነኝ" አለ። ክፍሉ እንደ ሰርግ ቤት ሆነ።

ዘበኛው ሲስቅ ሲስቅ ቆየና ዓይኑ ግድግዳው ላይ አረፈ። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ።

"የእናቴ ካልተሰበረ..." አለ። "የናንተ ለምን ተሰበረ?"

"አንተው ንገረኝ" አልኩት።

ብርጭቆውን ፍርግርጉ ላይ ረስቶ ሄደ። እየሮጠ ነበር የሄደው፤ ያ ሆድ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለሹሙ ምን እንዳለው አላውቅም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ግን ሹሙ ከአንድ ባለ ቆብ መሐንዲስ ጋር ገባ። መሐንዲሱ ተንበረከከ፣ ሦስቱን ሳሙናዎች በየተራ አየ፣ ከኪሱ መስታወት የመሰለ መለኪያ አውጥቶ ስንጥቁ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ማዶ ያለውን የፓምፑን ድምፅ ጆሮውን አዘንብሎ ሰማ። ደብተሩን ከፈተ።

"ይህን ያነበበው ማነው?"

ሹሙ ቁጥሬን ተናገረ።

ተነሳሁ። ጉልበቴ እስኪቀና ትንሽ ጠበቅሁ። "ቁጥር አያነብም" አልኩ በአረብኛ። "ያነበብኩት እኔ ነኝ።" ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ነገርኩት፤ ግድግዳው ላይ ያለውንም አሳየሁት። መሐንዲሱ አያቴ ላይ ሲደርስ አልገባውም መሰለኝ፣ እስክሪብቶውን አቆመ።

"ይድገሙለት ሸህ!" አለ ከሚሴው። ደገምኩ። ጻፈው። ሦስቱንም።

ከአሱር ሶላት በፊት ሌላ ክፍል ተወሰድን። ፓምፑም ዝም አለ፤ ዝምታው ለጆሮ እንግዳ ነበር። አዲሱ ክፍል ሰፊ ነው፣ መስኮቱ የባሕር ንፋስ ያስገባል። ራያው ፍራሹን እንደ ተሸከመ መጸዳጃ ቤቱን በዓይኑ ፈልጎ ርቀቱን በእርምጃ ቆጠረ። ሌሎቹ ግን ፍራሻቸውን አልዘረጉም። ቆመው እኔን ያያሉ። እኔም አራቱንም ጥግ ዞርኩ፣ ልስኑን በጣቴ አንኳኳሁ፣ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

"ጤነኛ ነው" አልኩ። "ተኙ።"

ያ የድሮ ግድግዳ አልወደቀም። ደግፈው እንዳደሱት ሰማሁ፣ ደስ አለኝ። ልክ እንደነበርኩ እንዲታወቅ ብዬ ግድግዳ ይውደቅ አልልም።

አሁን ወሎ፣ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ከልጄ ጋር። አጠገባችን ፎቅ ሊሠሩ ሲቆፍሩ ጓዳችን ተሰነጠቀ። ልስኑን ፋቅሁ፣ ጀሶ ለጠፍኩ፣ ቀንና ስም ጻፍኩ። የልጅ ልጆቼ ግድግዳ ላይ አትጻፉ ስለምላቸው ይቀየሙኛል።

አገር ልንገባ ከእስር ቤቱ በወጣንበት ጠዋት ዘበኛው መኪናው ድረስ ሸኝቶኝ ነበር። የእናቱ ጀሶ አሁንም ደህና መሆኑን ጠየቅሁት። ደህና ነው አለ።

"ስምህን ጽፈሃል?"

"ጽፌያለሁ። ያንተንም ከሥሩ ጻፍኩ፤ እናቴ ናት ያዘዘችኝ" አለ። "መሐንዲሱ እንደጻፈው፣ ከነአያትህ።"

ሃያ ሁለት ዓመት በሰው አገር ኖሬ ኢቃማዬ ላይ ስሜ ተበላሽቶ ነበር የተጻፈው፤ የአባቴን ስም በአያቴ ቦታ አድርገውት። በኒ ማሊክ አንዲት እናት መኝታ ክፍል ውስጥ ግን ልክ ሆኖ ተጽፏል። አንዳንድ ጠዋት ጓዳችን ያለውን ጀሶ ለማየት ጎንበስ ስል እሳቸው ትዝ ይሉኛል። እሳቸውም በዚያች ሰዓት ከፈጅር ሶላት ተነስተው ግድግዳቸውን ዳሰስ ያደርጉ ይሆናል እላለሁ።