ወንድሜ ጠልሰም ያለው ሥዕል

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የአንድ እናት ልጅ፣ መሪጌታ። ጊዜው ያለፈው ዓመት የኅዳር ማርያም ዕለት፣ ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ የገዛ ቤቴ ሳሎን ነው። ይኼን ቀድሜ የምጽፈው ኋላ «ማን እንደሆነ ሳትናገር አድበስብሳ አለፈች» እንዳይባል ነው። ስሙን ግን አልጽፍም። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ፤ ወረቀቱ የኔ ነው።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ቡሬ ከተማ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማሪ ነበርኩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ርእሰ መምህሩ ማንም የማይፈልገውን የሥዕል ክፍለ ጊዜ ጫነብኝ። «የእጅ ጽሑፍሽ ያምር የለ፣ ሥዕል ምን ያቅትሻል» አለኝ። እኔም ልጆቹን ባንዲራና ማሰሮ አሣሣል ሳስተምር ኖርኩ። ሥዕል ምን እንደሆነ ያስተማረኝ አልነበረም፤ ሳልማር ያስተማርኩት እሱን ብቻ ነበርና ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ያንገበግበኝ ነበር።

ልጄ ከባሕር ዳር ስልክ ላከችልኝ። የውጭ አገር ሙዚየሞች ስላለፈው መቶ ዓመት ሥዕል በነፃ የሚያስተምሩበትን ቦታ ያገኘሁት ግን ራሴ ፈልጌ ነው። እንግሊዝኛው ከጆሮዬ ይልቅ ለዓይኔ ይቀለኛል፤ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ እያቆምኩ አነባለሁ። ኔትወርክ ሲኖር አወርዳለሁ፤ ሲጠፋ ያወረድኩትን ደግሜ አያለሁ። ለወራት ጠፍቶ የከረመበት ጊዜ ስለነበር አንዳንዱን ትምህርት በቃሌ ይዤዋለሁ።

መጀመሪያ ወድጄው አልነበረም። አንድ ሩሲያዊ ሸራ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን ቀብቷል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ይኼማ የድስት ቂጥ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ማታውን ሙሉ ስናደድ አመሸሁና በማግስቱ ደግሜ ከፈትኩት፤ አንድ ጥቁር ቀለም ይኼን ያህል የሚያናድደኝ ለምንድን ነው ብዬ። አስተማሪዋ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት። የምን ሥዕል ነው ብላችሁ አትድከሙ፣ የምንም ሥዕል አይደለም፣ እሱ ራሱ ነው አለች። ይቺ ነገር ውስጤ ቀረች።

ከዚያ ወዲያ አላቆምኩም። በቀጥታ መስመርና በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ ብቻ የሚሥለውን ሆላንዳዊ ወደድኩት። ፊትን ከጎንም ከፊት ለፊትም ባንድ ጊዜ የሚሥለውን ስፔናዊ አልወደድኩትም፤ ግን ገባኝ። እሱና ጓደኞቹ ያንን ከአፍሪካ ጭምብል እንደወሰዱ አስተማሪዋ ጭምብሎቹን ከሥዕሎቹ ጎን አድርጋ አሳየችን። ከሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ስም አለ፤ ከጭምብሉ ሥር «ጠራቢው አይታወቅም» ይላል። የማይታወቀው ማንም ስላልጠየቀ ነው። የዚያን ዕለት ለስልኩ ጮክ ብዬ መልስ ሰጠሁት፤ ብቻዬን መኖሬ ለዚህ ይጠቅማል።

በየትምህርቱ መጨረሻ ተማሪው ራሱ እንዲሞክር ይጠየቃል። ከመናኸሪያው ጎን ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ወፍራም ወረቀትና የልጆች ቀለም ገዛሁ። ሦስቱን ሥዕሎቼን ሳሎን ለጠፍኳቸው። አንዱ ጥቁሩ ነው። ሁለተኛው መስመርና ቀለም ነው። ሦስተኛው የራሴ ፊት ነው፤ ከሁለት አቅጣጫ ስለሣልኩት ዓይኖቹ ባንድ በኩል ወርደዋል፤ ዙሪያውን እንደ መረብ ከፋፍዬዋለሁ።

የኅዳር ማርያም ዕለት የማኅበር ተራው የኔ ነበር። ማኅበራችን በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ድግሱ ሲያበቃ ተረኛዋ ሴት ጽዋውን ከደጋሿ እጅ ተቀብላ በእልልታ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ባሌ ሞቷል፣ ልጄ ሩቅ ናት። ስታመም የሚጠይቁኝ፣ ስሞት የሚያለቅሱልኝ እነዚያ ሴቶች ናቸው። ይኼ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ የጠፋው የጠላ ማኅበር ብቻ ነው እንዳይባል።

ጸሎቱ ደርሶ ጠላው እንደተቀዳ በግንብ አጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ወደ ግድግዳው አየች።

«እትዬ፣ ይቺ ጥቁሯ ምንድን ናት?»

«የምንም ሥዕል አይደለችም» አልኳት። እውነቱን ነው የነገርኳት።

«ምንም ካልሆነች ምን ትሠራለች ተሰቅላ?»

«ጅብ በጨለማ ነዋ» አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

«ዓይኗ የበዛውስ?»

«እሷ እኔ ነኝ።»

«በማርያም! እኛ ስንወጣ እንዲህ ነሽ?»

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ ጎረቤቴ ወደ ወንድሜ ዞረች። ለበዓሉ ከማንኩሳ መጥቶ ጸሎቱን ካደረሱት ቄስ ጎን ተቀምጧል። «መሪጌታ፣ እርስዎ ይንገሩን እንጂ፤ የተማሩት እርስዎ ነዎት።»

ተነሣ። መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱ ድረስ ተጠግቶ በጣቱ መረቡን ተከተለ፤ ዓይኑ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጠልሰም ነው» አለ፤ ሄዶም ተቀመጠ።

ጠልሰም ደብተራ ክታብ ላይ የሚሥለው ዓይንና መረብ ነው፤ ለበሽተኛ ይሣላል፤ በሰው ላይም ይሣላል ይባላል። እኛ አገር ጠልሰም ከተባለ የሚቀጥለው ጥያቄ በማን ላይ የሚል ነው። ሳቁ ቆመ። ልጇ ታማባት የከረመች አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ከግድግዳው ራቀች። እኔ ስለ ሙዚየም፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ሆላንዳዊው ማስረዳት ጀመርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር እየባሰ መጣ። ጽዋውን ለተረኛዋ ሳቀብላት እጇን ሳታነሣ «ቤቴ አልተሰናዳም፣ ለጊዜው እርስዎ ጋር ይቆይ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን አንቺ ነበር የምትለኝ። ከሷ የምትቀጥለዋ ቀድማ ወጥታለች። ጽዋው ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

የንስሐ አባቴ ወጣት ቄስ ናቸው፤ በሳምንቱ መጡ። ስልኩን ከፍቼ የሩሲያዊውን ጥቁር ሥዕል አሳየኋቸው።

«ይኼን ለመሣል ትምህርት ቤት ገብቷል?» አሉኝ።

«ገብቷል፣ አባ።»

«ጋኔን አላየሁበትም። ሌላም ነገር አላየሁበትም» አሉና ሻዩን ጨረሱ። «እኔ ብናገር ልጅ ነው ይሉኛል፤ መሪጌታ ያሰሩትን መሪጌታ ይፍቱት። ሄደው ያናግሯቸው።»

ሚኒባስ ይዤ ማንኩሳ ወረድኩ። ወንድሜ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ግቢው ሙሉ በርበሬ ተሰጥቷል።

«ጋሼ፣ የኔ ሥዕል ጠልሰም ነበር?»

«ተቀመጪ እንጂ፤ ውኃ ጠጪ።»

«ቆሜ ልጠይቅዎት። አባታችን ክታብ ሲጽፉ ቀለሙን የያዙት አንቱ ነዎት፤ ለቀለሙ ጥቀርሻ የለቀምኩት እኔ ነኝ። አስማቱ ሳይጻፍበት ጠልሰም ይባላል? የኔ ላይ አንድ ፊደል ነበረበት?»

«አልነበረበትም።»

«እና?»

«ጠየቁኝ። ዕድሜውን ጉባኤ ቤት የፈጀ ሰው በሴቶች ፊት አላውቅም ይበል?»

«እኔን ቢጠይቁኝስ? አስረዳዎት ነበር።»

«አንቺ፣ እኔን» አለና ሳቀ። ሚስቱ ውኃውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም።

ሴቶቹን ሁሉ ይቅር ብያለሁ ማለት አልፈልግም፤ ግን እነሱ ፈርተው ነው። እሱ አልፈራም። እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ምን እንደሆነ ብቻ ነበር የማያውቀው፤ ያንን አንድ ቃል ላለመናገር የእኅቱን ስም ሰጠ።

ከዚያ መላውን ነገረኝ፤ እንደ ውለታ አድርጎ። «ነገሩ ቀላል ነው። ለታኅሣሥ ማርያም ማኅበሩ ጋ ወረቀቶቹን ይዘሽ ነይ፤ ሴቶቹ ባሉበት ይቃጠሉ፤ እኔም ተፈቷል እላለሁ። ጽዋሽን ይቀበሉሻል።»

«የሌለ ነገር ምኑ ይፈታል?»

«ሰው አለ ካለ አለ ማለት ነው። ብልጥ ሁኚ።»

ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ላቃጥላቸው ፈልጌ ነበር። ወረቀት ነው፤ በማግስቱ ሌላ ልሥል እችላለሁ፤ ሴቶቹ ደግሞ በማግስቱ አይገኙም። ነገር ግን ካቃጠልኩ ሠርቼው ነበር ማለት ነው። የዚያች ልጅ ሕመም የኔ ሆነ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ከመተት ያዳነኝ ወንድም ሆኖ ይሞታል። ይኼን ልሰጠው አልቻልኩም።

ታኅሣሥ ማርያም ዕለት በጎረቤቴ ቤት አዲስ ጽዋ ገዝተው ተሰበሰቡ። እልልታው በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ይሰማኝ ነበር። የልጇ ሕመም ያስደነገጣት ሴት በጥር ልጇን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አስተኝታ አሳከመች፤ ልጇም ዳነች። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

ወረቀቶቹን አላቃጠልኩም። ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስረከብኩና ከማኅበሩ መውጣቴን ለጎረቤቴ በአጥር ነገርኳት። ትምህርቱን ቀጥያለሁ፤ አሁን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሉት ሠዓሊዎች ላይ ነኝ። በክረምቱ የወንድሜ ሚስት ሞተች። እዝን ይዤ ማንኩሳ ሄድኩ፤ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ አለቀስኩላት። እሱን ሰላም ሳልለው ተመለስኩ።