ገራድ ሱፍያን የተባሉት አያት

የሸዋ ሮቢቱ ጎሚስታ ጋሼ ኑዕማን እጃቸው ጎማ ይለጥፋል፣ አፋቸው ዘር ይቆጥራል። ወደ ካራቆሬ ሲያልፍ ጎማው የተነፈሰበት ሁሉ፣ ሳይወድ በግዱ ከአባታቸው ተነስቶ፣ በአያት በቅድመ አያት ተንጠላጥሎ፣ የጥንቱን ይፋት የገዙት የወላስማ ነገሥታት ዘንድ ሳይደርስ አይሄድም።

ሰውዬው ሲበዛ ጠርጣራ ናቸው። ሻጩ ያመሰገነውን ሐብሐብ አይገዙም። ሚስታቸውን አሪፋን በሠርጋቸው ማግስት ዘሯን ሁለቴ አስቆጠሯት ይባላል፤ እሷ ግን «ሦስቴ ነው» ትላለች።

አምና ባጃጅ ነጂው ጀይላን ለልጃቸው ለዙልፋ ሽማግሌ ሊልክ ነው ሲባል፣ «እኔም የወላስማ ዘር ነኝ» ማለቱ አብሮ ተሰማ። ጋሼ ኑዕማን የያዙትን ብረት ጣሉ።

«ጎማ ሊያስለጥፍ እየመጣ ሸምድዶ ነው! አያቶቼን ሰርቆ ልጄን ሊደግም!»

«አያት ይሰረቃል እንዴ?» አለች አሪፋ።

«በዚህ ዘመን ምን የማይሰረቅ አለ?»

በእነሱ ወገን ልጅ ሲጠየቅ፣ የጠያቂው ወገን ሽማግሌ ፊት ዘሩን ይቆጥርለታል። ጋሼ ኑዕማንም ወጥመድ አጠመዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኛው ሁሉ ሲቆጥሩ፣ ከዘራቸው ጫፍ ካለው የወላስማ ንጉሥ ጥቂት ዝቅ ብሎ ገራድ ሱፍያን የሚባል፣ እናት ያልወለደችው አያት ከነገራድ ሹመቱ ሸጎጡ። ሌባው ከነሱፍያኑ ሲያስቆጥር እጅ ከፍንጅ ሊይዙት ነው። ሱፍያንም በከተማው ገነነ፤ ጫት ላይ ተወራለት፣ ፈረስም ተጨመረለት።

ቀኑ ደርሶ የጀይላን አጎት ሼህ አብዱረዛቅ ሽማግሌ አስከትለው ከአሊዩ አምባ መጡ። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። የታችኞቹ አያቶች የራሳቸው፣ የላይኞቹ ከጋሼ ኑዕማን ጋር አንድ፤ ሳይንተባተቡ ንጉሡ ዘንድ ደረሱ። ሱፍያን የለም። ልጁ አልሰረቀም ማለት ነው!

ጋሼ ኑዕማን እፎይ ሊሉ ሲሉ፣ በእሳቸው ወገን የተቀመጠው ጎረቤታቸው ኸድር ጮኸ።

«ገራድ ሱፍያንስ? ያን የመሰለ ጀግና ዘለሉት እኮ! የተሰረቀ ዘር ነው!»

ሼሁ ከዘራቸውን አነሱ። «ሱፍያን የሚባል አናውቅም። ሌባ ተብለን ደግሞ አንቀመጥም። ተነሱ እንሂድ።»

ከጓዳ የዙልፋ ሲቃ ተሰማ። ጋሼ ኑዕማን ዝም ቢሉ ልጅቷ ሳትዳር ትቀራለች፤ ቢናገሩ ዘራቸውን የሚያምን አይገኝም። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ጫማ መፈለግ ጀመሩ።

«ወላሂ፣ ሱፍያንን እኔ ነኝ የጨመርኩት!»

ሼሁ ጫማቸውን መልሰው አወለቁና ተቀመጡ። ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ሌላስ ማንን ጨምረዋል?»

«ማንንም!»

«እስቲ ከአባትዎ ይጀምሩ። ቀስ እያሉ።»

ጋሼ ኑዕማን ጀመሩ። በየስሙ «ቆይ፣ ለዚህኛው ማን ይመስክር?» እየተባሉ፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ መግሪብ ሲጠራ ገና ወደ ንጉሡ መንገድ ላይ ነበሩ። ሼሁ ለሶላት ሲነሱ ፈገግ አሉ።

«ልጅቷን እንወስዳለን፣ ኢንሻአላህ። ንጉሡ ግን ምስክር እስኪያገኙለት እኛ ዘንድ ይቆይ።»