እኩል ያደረግሁት ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው ቤታችን፣ ተረት ያለ ተቀባይ አይነገርም ነበር። ተራኪው አንድ ሐሳብ በጨረሰ ቁጥር ከአድማጮቹ አንዱ «እህ» ማለት አለበት፤ ካላለ ተረቱ ይቆማል። በእኛ ቤት ተቀባዩ እኔ ነበርሁ። ተራኪው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ በወላይትኛ አባት ለማለት «አዋ» እንላቸዋለን። ድርቅ የሁምቦ ማሳቸውን ቢያከስመው ወደ እኛ የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ቀን ቀን ዝምታ የሚያበዙ ሰው ነበሩ።

ያኔ ከእራት በፊት፣ ፍሙ ገና ዐመድ ሳይለብስ፣ የኩራዙ ጭስ ግድግዳውን እያጠቆረ፣ አዋ የእንሰት ቃጫ በጭናቸው ላይ እያሹ ገመድ ሲገምዱ ዙሪያቸውን እንቀመጣለን። የጎረቤታችን የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች፣ ሰናይትና ታናሽ ወንድሟ፣ ወላይትኛ ስለማያውቁ አዋ ለእነርሱ ሲሉ በአማርኛ ይነግሩን ነበር። አማርኛቸው ወንዱን ከሴቱ ያምታታል፤ በቆሎ በአንድ ትንፋሽ «መጣች» ትባልና «ጮኸ» ይባላል። ማንም ግድ አልነበረውም።

ከሁሉ የምንወደው የበቆሎና የእንሰት ተረት ነበር። በቆሎ ይኩራራል፤ «አፉ ከሥሩ ይረዝማል» ይሉታል አዋ። ቶሎ እደርሳለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ ልጆች ጠብሰው ይወዱኛል፣ አንቺ ግን ዓመት ከዓመት ተገትረሽ ትቀሪያለሽ እያለ ይለፈልፋል። እንሰት የምትመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው። ያም ቃል በየምሽቱ ይለያያል፤ አዋ ከመካከላችን አንዱን በልባቸው ይመርጡና ለእርሱ የሚገባውን ቃል ለእንሰት ያውሷታል። ሰናይት አዲስ ጫማዋን ስታሳየን የዋለች ዕለት እንሰት «ያልፋል» አለች። እኔ ከወንድሟ ኳሱን የነጠቅሁ ዕለት «መልስ» አለች። ስም አይጠራም፤ የባለቤቱ ጆሮ ግን ወዲያው ይግላል።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ መምህር አበራ እንግሊዝኛ ያስተምሩን ጀመር። «ዓረፍተ ነገር የአህያ ጭነት ነው፤ ሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ ይገለበጣል» ይሉ ነበር። «ቱ ሪድ» ብሎ ጀምሮ «ራይቲንግ» ብሎ የጨረሰ ተማሪ ኮርኩም ይቀምሳል። ፈሊጡንም በቃላችን እንሸመድድ ነበር፤ ለምን እንዲህ ይባላል ብሎ የጠየቀውን «አማትህንስ ለምን እንዲህ ሆኑ ትላለህ? ተቀበል!» ይሉታል። ደንባቸው ትክክል ነበር፤ ዛሬም አልክድም። እኔ ግን ደንቡን እንደ አዲስ ካባ ተቀበልሁት፤ ለብሼው መታየት ፈለግሁ።

አንድ ዓርብ፣ ከቤት የሰማነውን ተረት በእንግሊዝኛ ጽፈን እንድንመጣ አዘዙን። በዚያው ምሽት ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥሁ። አዋ የበቆሎና የእንሰትን ጀመሩ። እጄ በመጻፍ ተይዞ ነበርና «እህ» አላልሁም።

«ልጄ፣ የት ሄድህ?» አሉ።

«እየጻፍሁ ነው አዋ፣ ይቀጥሉ።»

ያለ ተቀባይ ቀጠሉ፤ ለእኔ ሲሉ። በቆሎ ለፍልፎ ሲያበቃ ገመዱን አኖሩና ዐይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እንሰት ልትመልስ ነው። እኔ እጄን አነሣሁ።

«ቆይ አዋ፣ ይሄማ ልክ አይደለም። በቆሎ አራት ነገር ተናግሯል፤ እንሰትም አራት መመለስ አለባት። ሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ ይገለበጣል። ደግሞ ‹በቆሎ መጣ› ነው የሚባለው እንጂ ‹መጣች› አይባልም።»

ሰናይት በሳቅ ፈነዳች። «ውይ፣ መምህር አበራ መጡ! ኮርኩሙስ የታለ?»

በእኔ እንደሳቀች አልገባኝም። በአዋ የሳቀች መስሎኝ አብሬአት ሳቅሁ።

አዋ «እንዲያ ከሆነ የተማረው ይንገረን» አሉና ቃጫቸውን መልሰው አነሡ።

ነገርኋቸው። አራቱን የበቆሎ ኩራት በአራት የእንሰት መልስ አመዛዝኜ፣ ግሱን ከግስ፣ ስሙን ከስም እያስተካከልሁ ነገርኋቸው። ልጆቹ የኩራዙን ነበልባል እያዩ ያዛጋሉ። ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ ግን አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ «እህ»። አዋ ነበሩ። አንገታቸውን እንዳቀረቀሩ፣ ገመዱን እየገመዱ፣ ዓረፍተ ነገር በጨረስሁ ቁጥር «እህ» ይሉኝ ነበር፤ አንዱንም ሳይዘሉ፣ እስከ መጨረሻው። ስጨርስም «ጥሩ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው» አሉኝ።

በሳምንቱ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። መምህር አበራ የሰረዙት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። «አፉ ከሥሩ ይረዝማል» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሼው ስለነበር «እንግሊዞች እንዲህ አይሉም» ብለው በቀይ አጠፉት፤ በምትኩ ለጉረኛ የሚነገረውን የእንግሊዞች ፈሊጥ፣ የራሱን መለከት ነፋ የሚለውን፣ ጻፉበት። በሁምቦ ማሳ መካከል በቆሎ ቆሞ መለከት ነፋ፤ ለእኔም ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ።

አዋ ከዚያ ምሽት ወዲህ አልተረኩም። ሰናይት ስትለምናቸው «እኔ እሳሳታለሁ፤ እሱን ጠይቂ» ይሏታል። በድምፃቸው ቁጣ የለም፤ ከሁሉ የከፋውም እርሱ ነበር። እውነት ስሕተታቸውን ያወቁ ይመስሉ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ ወደ ሁምቦ ተመለሱ። ከሶዶ ሁምቦ ሩቅ አገር አይደለም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ዓመታት ሙሉ መንገዱ እንደረዘመብኝ ኖረ። መሞታቸውን የሰማሁት በመምህራን ማሠልጠኛ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ልቀመጥ በተዘጋጀሁበት ማለዳ ነው። ፈተናውን ተቀመጥሁ። ለቀብር አልደረስሁም።

ዛሬ እኔም ያንኑ ደንብ አስተምራለሁ፤ የተንጋደደ ዓረፍተ ነገር ሳላርም አላልፍም። ያ ደብተር አሁንም አለኝ። አንዳንዴ ገልጬ እንሰት የመለሰችውን አራት ሐረግ አነባለሁ፤ አንድም እንከን አላገኝበትም። ከዚያ ያን ምሽት ዐይናቸውን ወደ እኔ አዙረው ሊናገሩት የነበረውን ቃል እፈልጋለሁ። «ስማ» ይሆን? «ቆይ» ይሆን? «እደግ» ይሆን? ሁሉም ይስማማኛል፤ ሁሉም ልክ ነው። የእርሳቸው የትኛው እንደነበር ግን አላውቅም።